የ1996ቱ የእድራችን ደንብ ላፕቶፔ ላይ ፈረንጅኛ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ምን ላድርግ?

እንደምን ሰነበታችሁ። የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። ኮምፒውተር የምነካው ደብዳቤ ለመጻፍ፣ የመዋጮ ሰንጠረዥ ለመያዝና ውጭ አገር ካለች ልጄ ጋር ለመነጋገር ብቻ ስለሆነ፣ ስትመልሱልኝ ቀለል አድርጋችሁ ንገሩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ በ1996 ዓ.ም. አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተተይቦ 31 ገጽ ወጣው። ፋይሉ ከዲስኬት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ ከቀድሞው ጸሐፊ እኔ ዘንድ ደርሷል። ባለፈው ሳምንት ልጄ በላከችልኝ አዲስ ላፕቶፕ ስከፍተው አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደል ነው፤ ያውም አንዳንዱ ቆብ የደፋ፣ አንዳንዱ ከሥሩ ጭራ ያበቀለ፣ በየመካከሉም የገንዘብና የመቶኛ ምልክት የተሰነቀረበት። ደህና ሆኖ የሚነበበው ቁጥሩ ብቻ ነው። የወረቀት ቅጂ አለን፤ ነገር ግን ከ12 እስከ 15 ያሉት ገጾች ተገንጥለው ጠፍተዋል። ጠቅላላ ጉባኤያችን ደንቡን ለማሻሻል ከሦስት ሳምንት በኋላ ይሰበሰባል። ጽሑፉ ጠፍቷል ወይስ አለ? ከጠፉት ገጾች አንዱን፣ 13ኛውን፣ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ፎቶ አንሥቼ አያይዣለሁ።

በኋላ የጨመርኩት፦ ክሩ (ከጥያቄዬ ሥር የተከታተለው የመልስ ሰንሰለት) ከጠበቅሁት በላይ ስለረዘመ፣ አዲስ የሚመጣውም ሁሉ ከላይ ያለውን ሳያነብ ፍላሹን ፎርማት እንዳደርግ ስለሚመክረኝ፣ የተባለውን በተራ ቁጥሩ እዚሁ ከጥያቄዬ ሥር በራሴ አነጋገር አስፍሬዋለሁ። የተቆጣኝንም የመረቀኝንም አልዘለልኩም። የቸኮለ ሰው 5ን፣ 12ንና 15ን ቢያነብ ይበቃዋል።

1. የመጀመሪያው መልስ የመጣው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ሰውየው በትሕትና ሰላምታ ካቀረበ በኋላ እንደገና ማስተየቡ እንደሚሻለኝ መከረኝ። ፈጣን ጸሐፊ 31 ገጽ በሁለት ቀን እንደምትጨርስ፣ እሱም የመሥሪያ ቤቱን አሮጌ ሰነዶች በዚሁ መንገድ እንደተገላገላቸው ነገረኝ። ክፉ ምክር አይደለም። የጠፉትን አራት ገጾች ከየት አይታ እንደምትተይባቸው ግን አልነገረኝም።

2. ሁለተኛው ቫይረስ ለመሆኑ ቅንጣት አልተጠራጠረም። ፍላሹን ፎርማት እንዳደርግ፣ ላፕቶፑንም ለባለሙያ እንድሰጥ አዘዘኝና ሦስት የቃለ አጋኖ ምልክት ደርድሮ ሄደ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፍላሹን ነቅዬ በመሐረብ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፤ በሽታው ወደ ልብሶቹ የሚዛመት ይመስል።

3. ሦስተኛው ሁለተኛውን አረመው፤ ለስለስ ባለ ቃል። የፍላሽ ቫይረስ ፋይል ይደብቃል፣ ፎልደርን ወደ ሾርትከት ይለውጣል እንጂ አማርኛን ወደ ላቲን የመለወጥ ሥራ እንደሌለው አስረዳ። ከዚያም እስካሁን ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ፤ የተበላሸውን ጽሑፍ በማውስ መርጬ፣ ዎርድ ላይ ከላይ በኩል የፎንት (የፊደል ቅርጽ) ስም በሚታይበት ሣጥን ውስጥ ምን ተጽፎ እንዳለ እንዳነብለት። ፎንቱ ላፕቶፑ ላይ ባይኖር እንኳ ፋይሉ ስሙን እንደማይረሳ ከዚህ መልስ ተማርኩ።

4. ይህ የራሴ ነው። አየሁት፤ ቪዥዋል ግዕዝ ይላል፤ የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፎንት ነው። ርዕሶቹ ላይ ደግሞ የዚያው ቤተሰብ የሆነ ሌላ ስም አለ። በሁለት ዓይነት ፎንት መተየቡን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላወቅሁም ነበር።

5. የክሩ ምሰሶ ይህ ነው። የጻፉት በማተሚያ ቤት ገጽ በማቀናበር ብዙ ዓመት ያሳለፉ ሴት ናቸው። እንዳስረዱኝ ከሆነ ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። በዚያ ዘመን አንድ ፎንት የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነው፤ እሱም የተለካው ለላቲን ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ከነዲቃሎቹ፣ ከነአኃዙና ከነሥርዓተ ነጥቡ እዚያ ውስጥ ተጨናንቆም አይገባም። ስለዚህ ሶፍትዌር ሠሪዎቹ የአማርኛውን ቅርጽ በላቲኑ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ችግሩ ሁሉም በየራሳቸው የወንበር አደላደል መሄዳቸው ነው፤ በአንዱ ፕሮግራም የተተየበውን ሌላው አያነበውም። ፋይሉ ውስጥ ያለው ላቲን ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው የለበሰው ፎንት ነው። የእኔ ላፕቶፕ ያንን ልብስ ስለሌለው ጽሑፉን ራቁቱን አሳየኝ። ጠፍቶ ሳይሆን ተገፍፎ ነው።

ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ የሰጠው በ3.0 እትሙ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ የተመዘገቡት 345 ናቸው። ዊንዶውስ ግን ናያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ በዋለው ቪስታ ነው። እንግዲህ ደንባችንን በ1996 ዓ.ም. የተየበችው ልጅ በአገሩ ያለውን መሣሪያ ተጠቀመች እንጂ አላጠፋችም። ሴትዮዋ አንድ ምሳሌም ጨመሩልኝ፤ ከድሮ የነጋሪት ጋዜጣ ፒዲኤፍ አንድ አንቀጽ ገልብጦ ዎርድ ላይ የለጠፈ ሰው ይህንኑ ዝባዝንኬ ያገኛል። አንባቢው አማርኛ ያያል፤ የተገለበጠው ግን ከሥሩ ያለው ላቲን ነው። ሞከርኩት፤ እውነታቸውን ነው።

6. ከእሳቸው ቀጥሎ የመጡት የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ የነበሩ እናት ናቸው። ለጥያቄዬ መልስ አልሰጡም፤ ግን ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኳቸው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ ያን ሁሉ ፊደል በጥቂት ቁልፎች ላይ መደርደር ስላልተቻለ፣ ፊደሉ አካሉና ቅጥያው ተለያይቶ እየተገጣጠመ ይመታ እንደነበር አወሱ። እሳቸው የሠሩበት ኦሊቬቲ ስንት ጣት እንዳጎበጠ፣ አለቃቸው አንዲት ስርዝ ያለበት ደብዳቤ እንደማይፈርሙ፣ ካርቦን ወረቀት ገልብጦ የማስገባት ውርደት ምን እንደሚመስል ሁለት አንቀጽ ጻፉ። ከዚህ ሁሉ መሐል አንዲት ጠቃሚ ነገር ወደቀች፤ ቪዥዋል ግዕዝም አንዳንዱን ፊደል የሚሠራው እንደ መኪናው ገጣጥሞ ነው። ኢ ለብቻዋ አልተቀመጠችም፤ አ ትጻፍና ከጎኗ የሣልሱ ቅጥያ ይለጠፍባታል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ 14 ላይ እመታባታለሁ።

7. አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ መፍትሔውን በአጭሩ አስቀመጠ። ፎንቱን ከኢንተርኔት ከመለቃቀም ይልቅ ሰነዱ ድሮ ይከፈትበት ከነበረው ኮምፒውተር መውሰድ እንደሚሻል መከረኝ። ሲ ድራይቭ፣ ከዚያ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ፎንትስ የሚለውን ፎልደር ከፍቶ ስማቸው የተመሳሰለውን ሁሉ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነው። አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ ሲያደርጉት የፊደሉን ናሙና የሚያሳይ መስኮት ይከፈታል፤ እዚያው ኢንስቶል የሚለውን መጫን፣ ዎርድን ዘግቶ እንደገና መክፈት። አንዱን ብቻ ጭኜ ሌላውን እንዳልተው አስጠነቀቀኝ፤ ርዕሶቹ በሌላ ፎንት መጻፋቸውን ከ4 ላይ አንብቦ ነበር። የቀደመውን አንብቦ የሚመልስ ሰው ማግኘት እዚህ ቤት ብርቅ ነው።

8. ስምንተኛው ያን ያህል ድካም እንደማያስፈልግ ተናግሮ ሁሉንም የአማርኛ ፎንት በአንዴ ይጭናል ያለውን የአንድ ድረ ገጽ አድራሻ አኖረልኝ።

9. የ3ኛው ሰው ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ለስላሳነቱ ጠፍቷል። አድራሻውን ከፍቶ እንዳየው የሚወርደው ነገር ፎንት ሳይሆን ፕሮግራም ነው። ፎንት የስሙ መጨረሻ ቲቲኤፍ ወይም ኦቲኤፍ ይሆናል፤ ኢኤክስኢ ከሆነ ፕሮግራም ነው፣ የሚያደርገውን የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው። ዊንዶውስ ይህን መጨረሻ ስለሚደብቅ በፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ቪው፣ ቀጥሎ ሾው፣ ቀጥሎ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን አብርቶ ማየት እንደሚገባ ጻፈ። 8ኛው ለአንድ የማያውቅ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር መስጠቱን በጣም አከበደበት። ሽማግሌው እኔ መሆኔ ነው።

10. 8ኛው ተቆጣ። እሱ ለዓመታት እንደተጠቀመበትና ምንም እንዳልሆነ፣ ምሁር ነን ባዮች ደግሞ ሰው እንዳይረዳዳ እንደሚያደርጉ ጻፈ። ከዚያ በኋላ በሁለቱ መካከል የተባለውን አልጽፍም፤ ለእድር ጸሐፊ የሚሆን ቃል አይደለም። አድራሻው ግን በማግስቱ ተነሥቷል።

11. የእኔ። አሮጌው ዴስክቶፕ ከአልጋ ሥር ነበር፤ የወንድሜ ልጅ አቧራውን አራግፎ አስነሣው። ሁለቱንም ፎንት ወሰድኩ፣ ጫንኩ፣ ዎርድን ከፈትኩ። ያ ሁሉ ቆብና ጭራ ረግፎ የመረዳጃ እድራችን ስም ከገጹ አናት ላይ ቁጭ ብሏል። ባለቤቴን ከማእድ ቤት ጠርቼ አሳየኋት። ሁሉንም አመሰገንኩ፤ ክሩም እዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

12. የ5ኛዋ ሴት ግን ደስታዬን በልክ እንዳደርገው ነገሩኝ። ልብሱን አለበስኩት እንጂ ፊደሉ አልተለወጠም። ማስረጃ እንዲሆነኝ ሁለት ነገር እንድሞክር አዘዙኝ፤ ሰነዱ ውስጥ ቀብር የሚለውን ቃል እንድፈልግ፣ ፋይሉንም ለሊቀመንበሩ በቴሌግራም እንድልክ። ቀብር የሚለው ቃል በእድር ደንብ ውስጥ አልተገኘም! ሊቀመንበሩም ስልካቸው ላይ ያገኙትን አይተው ልጃቸው ነካክቶባቸው እንደሆነ ጠየቁኝ።

ከዚያ ሁለት መንገድ ለዩልኝ። ማተምና ማንበብ ብቻ ከሆነ ፍላጎቴ፣ አሁኑኑ ሴቭ አዝ ብዬ ፒዲኤፍ ላድርገው፤ ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ አብሮ ስለሚገባ የትም ቢከፈት አማርኛ ሆኖ ይታያል። ደንቡን ማሻሻል፣ አንቀጽ መጨመርና ቃል መፈለግ ከሆነ ግን ከሥሩ ያለው ላቲን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ሁለተኛውን ብመርጥም የመጀመሪያውን አስቀድሜ ላድርገው፤ ልወጣው ቢበላሽ ማመሳከሪያ ይሆነኛል። እኔ እንደገባኝ የዚህ ክር ቁም ነገር ይኸው ነው፤ ማየት መቻልና ፊደሉ አማርኛ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ግማሹ መላሽ የተጣላው ይህን ሳይለይ ነው።

13. ይህን ብዘለው ደስ ይለኝ ነበር። ልወጣ ማለት ፊደል በፊደል መተካት ከሆነ በዎርድ ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ራሴ እሠራዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። በ የተቀመጠችው በትንሿ የላቲን ቢ ላይ መሆኑን አየሁ። ቢን ፈልገህ በ አድርግ አልኩት፤ በአንድ ጊዜ ብዙ መቶ ቦታ መተካቱን ነገረኝ። ኮራሁ። ከዚያ አንቀጽ 9ን ሳነብ አዲስ አባል ሲገባ 50 በር እንዲከፍል ይላል። ወርሃዊ መዋጮው 10 በር ነው። ቀብሩም ቀበር ሆኗል። በእድራችን ታሪክ አንድም ብር አልቀረም፤ ሁሉም በር ሆኗል።

14. የመጣብኝ ወጣት ምሕረት የለውም። ትንሿ ቢ በ፣ ትልቋ ቢ ብ መሆኗን ሳላጣራ መነካካቴን፣ ዎርድ ካልነገሩት በስተቀር ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል እንደማይለይ፣ ለዚህም ሞር በሚለው ቁልፍ ሥር ማች ኬዝ የሚባል ምርጫ እንዳለ አስታወቀኝ። ከዚያ የ6ኛዋን እናት ወሬ እንደ ተረት ማለፌን ነቀፈ። የእኛው ሲ ማለት ሰ እና ቅጥያ፣ ሊ ማለት ለ እና ቅጥያ ከሆነ፣ መጀመሪያ መተካት ያለባቸው ጥንዶቹ ናቸው፤ ሰን ቀድሞ የተካ ሰው ሲን ለሁለት ይሰነጥቃታል፣ ቅጥያዋም ሜዳ ላይ ብቻዋን ትቀራለች። በመጨረሻም ዋናውን ፋይል ነው ወይስ ቅጂውን የነካሁት ሲል ጠየቀኝ። ቅጂውን ነበር፤ ዋናው በመሐረቡ ውስጥ ነው። የ2ኛው ሰው ማስፈራራት በዚህ በኩል ጠቀመኝ።

አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም ትክክል ነው። ሰላሳ ዓመት ተማሪዎቼን ሳትፈትሹ አታስረክቡ ስል የኖርኩ ሰው ነኝና መልስ አልሰጠሁትም።

15. ከቨርጂኒያ የጻፈ ሰው ነው የገላገለኝ። የቤተ ክርስቲያናቸውን የድሮ መጽሔቶች ወደ ዩኒኮድ ሲለውጥ የተማረውን አካፈለ። ለዚሁ የተሠሩ ነጻ የመለወጫ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሲመረጥ ግን የሚታየው አንድ ነገር ነው። ጽሑፍ ለጥፈውባቸው የሚለውጡት ፎንት ስለማያውቁ፣ በሰነዱ ውስጥ ያለውን እውነተኛ እንግሊዝኛ ሁሉ የአማርኛ ድሪቶ ያደርጉታል። የዎርዱን ፋይል ራሱን ተቀብለው በየቃሉ ላይ ያለውን የፎንት ስም እያዩ የሚለውጡት ግን አሮጌውን ፎንት የለበሰውን ብቻ ይነካሉ፤ እንግሊዝኛውንና የገጹን አቀማመጥ ይተዋሉ። ለዚህ ደግሞ አሮጌውን የዶክ ፋይል አስቀድሞ በሴቭ አዝ ወደ ዶክኤክስ መለወጥ ያስፈልጋል። ራስጌና ግርጌ፣ በሣጥን ውስጥ ያለ ጽሑፍ ሊታለፍ ስለሚችል በዓይን መፈተሽ፤ ርዕሶቹን በተለይ፣ ሌላ ፎንት ናቸውና። አስቸጋሪ ከሆነብኝም ፋይሉን ብልክለት እሱ ለውጦ እንደሚመልስልኝ በአክብሮት አቀረበ።

16. እዚህ ላይ አንዲት ሴት ጣልቃ ገብታ እንዳልልክ ከለከለችኝ። በእድር ፋይል መጨረሻ ላይ የአባላት ስም፣ ስልክና የቤተሰብ ዝርዝር እንደማይጠፋ ገመተች። ገምታ አልሳተችም፤ ስድስት ገጽ ዝርዝር አለ። ለማናውቀው ሰው መስጠት ተገቢ እንዳልሆነ ተናገረች።

17. የቨርጂኒያው ሰው ቅር አለው። አገር ቤት ያሉ ሰዎችን ለመርዳት በሌሊት ተቀምጦ ሌባ መባሉ እንዳሳዘነው ጻፈ። ማንም ሌባ አላለውም፤ ልጅቱም ይህንኑ መልሳ አስረዳች። ሁለቱም አላጠፉም ባይ ነኝ። ዝርዝሩን ቆርጬ በሌላ ፋይል አስቀመጥኩ፤ ልወጣውንም እሱ በጻፈው መንገድ ራሴ ቤት ውስጥ ሠራሁት። ይህን ስነግረው ደስ አለው፤ ሰላምታም ለልጅቱ ላከ።

18. አንዱ ይህን ሁሉ ትተን ወረቀቱን ፎቶ አንሥተን ጎግል ድራይቭ ላይ እንድናኖርና በጎግል ዶክስ እንድንከፍተው አሳሰበ፤ ምስሉን አንብቦ አማርኛውን ያወጣል። ለሙከራ ሁለት ገጽ ሰጠሁት፤ ከጠበቅሁት በላይ ነው ያነበበው። ቡና የፈሰሰበትን ቦታ ግን በራሱ ግምት ሞልቶታል። ፋይሉ ለሌለውና ወረቀት ብቻ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ለእኛ ግን የጠፉት ገጾች ፎቶ የሚነሡበት ወረቀት የላቸውም።

19. ከዚህ በኋላ ክሩ ከእጄ ወጣ። አንድ ሰው መጀመሪያ ያያያዝኩትን የ13ኛ ገጽ ፎቶ ሲያይ በላቲኑ ጫካ መካከል 25 የሚል ቁጥር ብቻውን ቆሞ አገኘና፣ ቀብር ላይ ያልተገኘ ሰው 25 ብር መቀጣቱ በዛሬ ገበያ ቀልድ መሆኑን ጻፈ።

20. ሌላው ተቃወመው። ቅጣት ሰውን ለማስታወስ እንጂ ለመዝረፍ እንዳልሆነ፣ በእነሱ እድር መጠኑ ከፍ ካለ በኋላ ድሃው ቀብር መምጣቱን ሳይሆን እድሩን እንደተወ ተናገረ።

21. አንዷ ደግሞ ሴቶች ድንኳን ሥር ሲያበስሉ ውለው ቀብር ቦታ ስላልተገኙ ይቀጣሉ ወይ ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም። በእኛ ጉባኤም ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ጥሩምባ የተነፋ ይመስል ሁሉም ይነሣል።

22. የ14ኛው ወጣት ስለ ኮምፒውተር የተከፈተ ክር የቅጣት ሸንጎ መሆኑ አስቆጥቶት ሁሉንም በአንድ ላይ ገሠጸ። 25 ምን እንደሆነ ሳይነበብ አሥራ አምስት ሰው መከራከሩን ሲቆጥር፣ ከተከራካሪዎቹ አንዱ ራሱ መሆኑን ረሳ።

23. የተለወጠውን የመጀመሪያ ገጽ ስለጥፍ አዲስ ጦርነት ተነሣ። በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያለው አራት ነጥብ ሳይሆን ሁለት ሁለት ነጥብ ጎን ለጎን የተደረደረ ነው። አንዱ ለዓይን አንድ ዓይነት ስለሆነ ምን አስጨነቃችሁ ይላል። የማተሚያ ቤቷ ሴት፣ እስካሁን ድምፃቸውን ከፍ ያላደረጉት፣ ከፍ አደረጉ። ሁለቱ ነጥቦች መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ተለያይተው አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሲቀር ስንት ጊዜ እንዳረሙ ቆጠሩ። አራት ነጥብ የራሱ ቦታ ያለው አንድ ምልክት ነው። የላቲኑን ኮለን ሁለት ጊዜ መትተው አራት ነጥብ ነው የሚሉትንማ ስማቸውን ሊሰሙ እንደማይፈልጉ ጻፉ። በፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ በአንድ ደቂቃ አስተካከልኩት። በዚህ ጊዜ አልሳትኩም።

24. ሌላው ያነሣው ደግሞ ጠቃሚ ነው። ልወጣው ከተሳካ በኋላም ጸሐፊ ብዬ ስፈልግ ከግማሽ በላይ ያመልጠኛል፤ የተየበችው ልጅ አንዳንዱን ፀሐፊ፣ አንዳንዱን ፀሀፊ ብላዋለች። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ጸ እና ፀ፣ ሐ እና ሀ ዝምድና የላቸውም። ስለዚህ ቃል ሲፈለግ በሁሉም አጻጻፍ መሞከር፣ ወይም ሰነዱን አስቀድሞ አንድ ወጥ ማድረግ። እኔ አንድ ወጥ አደረግሁት፤ ልማድ ሆኖብኝ በቀይ ቀለም እያሰመርኩ።

25. አዲሱን አንቀጽ በምን እንደምተይብ ጠይቄ ነበር። ኪማን የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ከአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳው ጋር እንድጭን ሦስት ሰዎች ተስማሙ። ናያላ ላፕቶፔ ላይ የለም ላልኩትም፣ በአዲሶቹ ዊንዶውስ ላይ ተጭኖ ስለማይመጣ በሴቲንግ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ በሚለው ሥር የኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንቶችን መርጬ እንድጨምር ነገሩኝ። ካልፈለግሁም ኢብሪማ የሚባለው አብሮ የመጣው ፎንት አማርኛ ያነባል።

26. የ1ኛው ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ጸሐፊ አገኘሁ ወይ ሲል ጠየቀ።

27. የመጨረሻው የእኔ ነው። ጉባኤው ባለፈው እሑድ ተካሄደ። ደንቡ በንጹሕ አማርኛ ታትሞ ለሁሉም ደረሰ፤ ሊቀመንበሩም ስልካቸው ላይ ቀብር ብለው ፈልገው በየአንቀጹ አገኙት። ከጠፉት ገጾች ውስጥ ማንም ያላስታወሰው አንቀጽ 14 ተገኘ፤ የሚዘረዝረው የእድሩን ንብረት ነው። ድንኳን 3፣ ትልቅ ብረት ድስት 6፣ ጥሩምባ 1። ለ19፣ ለ20 እና ለ22 ተከራካሪዎች የምነግራችሁ፣ 25 የቅጣት ብር አይደለም። አግዳሚ ወንበር ነው። ጉባኤው እዚያው ተነሥቶ መጋዘኑን ከፍቶ ቆጠረ፤ ያሉት 17 ናቸው። ስምንቱን ማን እንደወሰዳቸው የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ።